የኩላሊቴ እርግዝና

የመጀመሪያው ቅምሻ የመጣልኝ በጥር ወር፣ ጥምቀት ባለፈ በመጀመሪያው ቅዳሜ ነው። በር ተንኳኳ፤ ስከፍት እማማ ቆመዋል። በእጃቸው ትንሽ ሳህን፣ በሳህኗ ላይ በእንጀራ የተጠቀለለ ጥብስ።

«እንቺ ልጄ፣ ሽታው ደርሶሻል» አሉኝ። አንዴ ሆዴን አዩና ቶሎ ብለው ዓይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ፤ ዝናብ የሚያስገባውን ቀዳዳ የሚፈልጉ ይመስል። «ብይው እንጂ፣ እንዳይቀዘቅዝ» ብለው ነጠላቸውን እያስተካከሉ ሄዱ።

እማማ ዘመዴ አይደሉም። የካ ተራራው ሥር፣ አምስት ቤተሰብ በአንድ የቆርቆሮ በር በሚገባበትና በሚወጣበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ጎረቤቴ ነበሩ። በዕድሜ የግቢው ታላቅ ስለሆኑ ሁላችንም እማማ ነበር የምንላቸው፤ የመዝገብ ስማቸውን የሚያውቀው ቀበሌው ብቻ ነው። ቅምሻው ምን ማለት እንደሆነ የሚጠፋው ሰው የለም። ነፍሰ ጡር ሴት የምግብ ሽታ ደርሷት ሳትቀምስ ከቀረች ጽንሱ ይጎዳል ይባላል። ስለዚህ ጎረቤት ሥጋ ሲጠብስ፣ ወጥ ሲሠራ፣ ቆሎ እንኳ ሲቆላ ሳትጠይቅ ይላክላታል። የሚልከው ለምን እንደላከ አይናገርም፤ የምትቀበለውም ለምን ብላ አትጠይቅም።

እኔ ግን ነፍሰ ጡር አልነበርኩም። ሆዴን የነፋው ኩላሊቴ ነው።

ነገሩ የታወቀው ሚሊኒየሙን ባከበርንበት ዓመት መጨረሻ፣ ክረምቱ ላይ ነው። ግራ ጎኔን ይወጋኝ ጀመር። ኮተቤ መምህርነት ተምሬ የወጣሁ የሳይንስ አስተማሪ ነኝ፤ የሰውን ሆድ ዕቃ በባለቀለም ጠመኔ እየሳልኩ «ኩላሊት የጡጫችንን ያህላል» ስል ዓመታት አሳልፌያለሁ። የኔ የጡጫዬን ያህል አልነበረም። ዶክተሩ የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደ እኔ አዙሮ ሲያሳየኝ ጥቁር ጥቁር ክብ ነገር ትልቁም ትንሹም ተደራርቦ ታየኝ። ኩሬ ዳር ወስጄ ለተማሪዎቼ የማሳየውን የእንቁራሪት እንቁላል ነው ያስታወሰኝ።

«ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች ናቸው» አለ። «በሁለቱም ኩላሊትሽ ላይ አሉ፣ የግራው ይብሳል። እያደጉ በሄዱ ቁጥር ጤነኛውን ክፍል ይጫኑታል። ከቤተሰብሽ እንዲህ ሆዱ የሚነፋ ሰው ነበር?»

እናቴ። እናቴ ሆዷ ተነፍቶ፣ ፊቷ ከስቶ ነው የሞተችው። ጉበት ነው ያለ ነበር፤ ቡዳ ነው ያለም ነበር፤ እንጦጦ ድረስ ጠበል አመላልሰናታል። ኩላሊት ያለ ግን አንድም ሰው አልነበረም። ዶክተሩ «በዘር የሚተላለፍ ነው» ሲለኝ፣ ሞኝነቴን ተመልከቱ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ናፍቆት ነው። ከእሷ አንድ ነገር ውስጤ እንደቀረ ገና ያን ቀን ነበር ያወቅኩት። ፍርሃቱ ቆይቶ ነው የመጣው።

«ልጅ መውለድስ?» አልኩት። በትዳር አራት ዓመታችን ነበር፤ ልጅ አልመጣም።

ዶክተሩ መነጽሩን አወለቀ። መነጽሩን የሚያወልቅ ሐኪም ደግ ወሬ የለውም።

«ግፊትሽ ከተስተካከለ መውለድ ይቻላል። ግን ልጁም በሽታውን የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ወይ ይወርሳል፣ ወይ አይወርስም።»

ጨው እንድተው፣ የደም ግፊት መድኃኒት እንድውጥ፣ በየወሩ እንድመለስ ነግሮ ሸኘኝ። አብሮኝ ከገባው ባለቤቴ ጋር እስከ መገናኛ በእግር ወረድን። ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ «እኩል በእኩል ማለት እኮ መጥፎ አይደለም» አለ። እኔ መስኮቱን አየሁ። የእሱ ቅንነት አንዳንዴ ያናድደኛል።

እንግዲህ እማማ በጥር ሳህናቸውን ይዘው ሲመጡ ሆዴ ወጥቶ ነበር። «አይ እማማ፣ ኩላሊት ነው» ብሎ ሳህኑን መመለስ ምን ይከብዳል ትሉኝ ይሆናል። ይከብዳል። በእኛ ሰፈር እርግዝና አይወራም። ዓይን እንዳይገባው መጀመሪያ ባለቤቲቱ ትደብቃለች፤ ሆዱ ከወጣ በኋላ ደግሞ ጎረቤቱ አብሮ ይደብቅላታል። «ስንት ወርሽ ነው?» ብሎ በአደባባይ የሚጠይቅ እንደ ባለጌ ይቆጠራል። ታዲያ ያልተባለን ነገር እንዴት አድርጎ ሰው ያስተባብላል? እማማ አርግዘሻል አላሉኝም፤ ሽታው ደርሶሻል ነው ያሉኝ። ደርሶኝም ነበር።

በሩን ዘግቼ ጥብሱን ቆሜ በላሁት። ጨው ከተውኩ አምስት ወሬ ነበር፤ ምላሴ ያበደ መሰለኝ። ስጨርስ ሳህኗን አጥቤ፣ ባዶ ሳህን አይመለስም ብዬ ሁለት ብርቱካን አድርጌ መለስኩላቸው። ያኔ ነው ነገሩ የታሰረው። ብርቱካኑን ሲቀበሉኝ እማማ ጉንጬን ሳሙኝ፣ ሌላ ጊዜ እንደዚያ አይስሙኝም ነበር።

ከዚያ በኋላማ በራችን ሥራ አላጣም። ከፊት ለፊት ካለው ቤት ዶሮ ሲሠራ ዶሮ፣ ከጓሮ ካለው ቤት ዱለት። ጾሙ ሲገባ ሥጋው ቀርቶ ሽሮ፣ ምስር፣ ስልጆ። አንዲት ጎረቤቴ ሽንኩርት ብቻ አቁላልታ፣ ወጡ እስኪደርስ መጠበቅ ፈርታ፣ ቁሌቱን በማንኪያ ይዛልኝ መጥታለች። ውሃ የምቀዳበት ባልዲ ከእጄ ይነጠቃል። መገናኛ የታክሲው ግፊያ፣ ያን ጊዜ እንደ አሁኑ ሰልፍ አልነበረም፣ ጎኔን ሊሰብረኝ ሲል አንድ ጎረምሳ ሁለት ክንዱን ዘርግቶ «እናት ናት፣ አሳልፏት!» ብሎ ሰዉን ገታልኝ። እናት ናት። የማስተምርበት ኮተቤ እስክደርስ ድረስ ያን ቃል እያላመጥኩ ሄድኩ። ትምህርት ቤት ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ትንፍሽ ሳይል ሰሌዳው አጠገብ አንድ ወንበር አስቀመጠልኝ።

ልዋሽ አልፈልግም፤ እኔም ረዳኋቸው። ሰፊ ቀሚስ ገዛሁ። ስቆም እጄን ወገቤ ላይ ማድረግ ለመድኩ። ጎኔን ሲወጋኝ ፊቴን አጨማድድና ወዲያው ፈገግ እላለሁ፤ የሚያዩኝ ሴቶች ያን ፊት ያውቁታል፣ ወይም የሚያውቁት ይመስላቸዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። የማያውቅ ሰው በነጻ የሚሰጠኝን ክብር ለምን እመልሳለሁ? አራት ዓመት ሙሉ «ዘንድሮስ?» የሚሉ ዓይኖች ሲገርፉኝ ኖሬ፣ እነዚያው ዓይኖች አሁን እንደ እንቁላል ይይዙኛል። ማታ ማታ ብቻ ሳይሆን ቀንም፣ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እንኳ፣ ሆዴን ሳላስበው እዳብሰው ነበር። በእጄ ሥር ያለው ውሃ እንደሆነ አውቃለሁ። መዳበሴን ግን አልተውኩም።

ባለቤቴ ይህን አልወደደውም። የወንጌል አማኞች ልጅ ነው፤ ኤሌክትሪክ ይዘረጋል፣ ውሸት አይችልም። ስለ ሽታና ስለ ዓይን የሚባለውም አይገባውም።

«ንገሪያቸው» ይለኛል።

«ምን ብዬ?»

«እውነቱን።»

«ሳይጠይቁኝ?»

«አንቺ፣ ሰዎቹ እኮ እኔን በመንገድ ላይ ትከሻዬን እየመቱ ይስቁብኛል። ምን ልመልስላቸው?»

«አንተም ሳቅ» አልኩት። ሳቅ የሚያውቅ ሰው መሰለኝ።

በየካቲት ለቀጠሮዬ ስሄድ ዶክተሩ ግፊቴን ለካ፣ ጠብቆ ደግሞ ለካ። «ጨው ትተሻል?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። በዚያን ቀን ጠዋት ብቻ የሁለት ቤት ሽሮ ቀምሼ ነበር። ግፊቱ ከክረምቱ ብሶ ነበርና መድኃኒቱን ጨመረልኝ። ቀጥሎም ወንበሩን ወደ እኔ ሳብ አድርጎ ስለ ኦፕራሲዮኑ አስረዳኝ።

«ሆድሽን አንከፍተውም» አለ። «አራት ትንንሽ ቀዳዳ ብቻ። በአንዱ ካሜራ እናስገባለን፣ በሌሎቹ መሣሪያ፤ ውስጥሽን በቴሌቪዥን እያየን ነው የምንሠራው። የግራውን ትልልቅ ከረጢቶች እንቀድና ውሃውን እንመጠዋለን፣ ሽፋናቸውንም ቆርጠን እናወጣለን። በሽታው አይጠፋም። ሕመሙ ግን ይቀልልሻል፤ ለግፊትሽም ሊረዳ ይችላል። በሦስተኛው ቀን ቤትሽ ነሽ።»

«ሆዴስ?»

«ሆድሽማ ይሟሽሻል!» አለ፤ ደስ የሚለኝ መስሎት በፈገግታ። ምስኪን፣ ሴት ሁሉ ቀጭን ወገብ የምትመኝ ይመስለዋል።

ከፋሲካ በኋላ ይሁንልኝ አልኩት። ለምን ቢለኝ ፈተና አለብን አልኩ። ፈተና አልነበረም። የፈለግኩት ትንሽ ጊዜ ነው። ለምን ያህል ጊዜ ብትሉኝ መልስ የለኝም፤ መቼም ዘጠኝ ወር ሲሞላ ምን ላደርግ እንደነበር አስቤው አላውቅም። ያን ሆድ ይዤ በግቢው ውስጥ መዞር፣ በር ሲንኳኳ መስማት፣ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ባለቤቴ ዱካዬን አገኘው። ከሥራ በጊዜ መጥቶ፣ ስልጆ በቂጣ እያጠቀስኩ ደረሰብኝ። ሳህኑን ከእጄ ወስዶ ቀመሰው። ፊቱ ተለወጠ።

«ጨው ነው» አለ።

«ትንሽ ነው።»

«ለእነሱ ሆድ ብለሽ ልትሞቺ ነው?»

«የማን ሆድ? የኔ ሆድ ነው!» ጮህኩበት። ግቢው ሰምቶ ይሆናል፤ ይስማ። «ምን አለኝ ሌላ? አንተ ቤተ ክርስቲያንህ አለህ፣ ሽቦህ አለህ። እኔ ይሄን ነው ያገኘሁት።»

ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ልጅ እኮ እኔም እፈልጋለሁ» አለ። «አንቺን ቀብሬ ግን አይደለም።» ያን ቀን ቅንነቱ አላናደደኝም። ሆኖም በማግስቱ ቅምሻው ሲመጣ ተቀበልኩ፤ ይህን የምጽፈው ራሴን ላመሰግን አይደለም።

ያቆመኝ እንጦጦ ነው። በመጋቢት መጨረሻ አራተኛ ክፍሎችን ይዘን፣ ከሌላ አስተማሪ ጋር፣ ስለ ዕፅዋት ለማስተማር ወደ ባሕር ዛፉ ወጣን። ልጆቹ እየሮጡ ቀደሙን፤ ባልደረባዬ ተከተለቻቸው። እኔ ዳገቱ መሃል ላይ ቀረሁ። ጎኔ ውስጥ የሆነ ነገር ሲፈነዳ ተሰማኝ። ከአንድ ግንድ ኋላ ዞር ብዬ ሽንት ልሸና ብል የወጣው ደም ነው። ቅጠሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እንጨት ተሸክማ የምትወርድ አንዲት ሴት አየችኝ። ሸክሟን ጥላ መጣች፣ ከኋላዬ ተንበርክካ ወገቤን ታሸኝ ጀመር። «አይዞሽ እናቴ፣ አይዞሽ። ማርያም ማርያም፣ ማርያም ማርያም» ትላለች። በምጥ ለተያዘች ሴት የሚባለውን ነው የምትለው። እጆቿ ጠንካራ ናቸው። ለእኔ ብላ ፈርታለች። ቀና ብዬ ባያት ከንፈሯ ደርቋል፣ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ያን ጊዜ አፈርኩ። ለጎረቤት ሽሮ አላፈርኩም፣ ለታክሲው ቦታ አላፈርኩም፤ ቤቷ የሚጠብቋት ልጆች ሳይኖሯት አይቀርም፣ ያቺ ሴት ሸክሟን ለሌለ ልጅ ስትጥል ግን አፈርኩ። «ኩላሊት ነው» አልኳት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብዬ። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» አለችኝ፤ አልሰማችኝም።

በማግስቱ ዶክተሩ ጋ ሄድኩ። አንዱ ከረጢት ደምቶ ነበር። ቀኑ ተቆረጠ፣ የፋሲካ ሳምንት እንዳለፈ።

ሆስፒታል ከመግባቴ በፊት እውነቱን ልነግራቸው ለራሴ ቃል ገብቼ ነበርና እማማ ቤት ሄድኩ። የገንፎ ገብስ እያበጠሩ ነበር። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

«እማማ፣ ነገ ሆስፒታል ልተኛ ነው። ኩላሊቴን ነው። ኦፕራሲዮን ነው የምደረገው።»

ሰፌዱን አስቀመጡ፤ ግራና ቀኝ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንዲያ በይ ልጄ፣ እንዲያ በይ። ለጠየቀሽ ሁሉ ኩላሊት ነው በይ።»

«እማማ፣ እውነቴን ነው እኮ!»

«አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» አሉና ዓይናቸውን ጠቀስ አደረጉልኝ። ከዓይን ለመደበቅ ብልሃት የፈጠርኩ ነው የመሰላቸው። እንዲያውም ብልሃቴ ደስ አላቸው። የዋሸሁትን ሳልናገር አመኑኝ፤ እውነቱን ስናገር ግን ጎበዝ ውሸታም ነሽ ተባልኩ። ሳቄ መጣ፤ እሳቸውም ሳቁ፤ ሁለታችንም በየራሳችን ነገር ሳቅን።

ኦፕራሲዮኑ አንድ የግል ሆስፒታል ውስጥ ተደረገ፤ የእኛው ሐኪም ከውጭ ከመጣ ባልደረባው ጋር ሆኖ። ማደንዘዣው ከመያዙ በፊት ያየሁት ቴሌቪዥኑን ነው፤ ገና አልተከፈተም፣ የእኔው መልክ በጥቁሩ መስታወት ላይ ይታይ ነበር፣ ከነሆዴ። ስነቃ አፌ ደርቋል፣ ትከሻዬን ያመኛል። እጄ ሳላዘው ወደ ሆዴ ሄደ። የለም። ፕላስተር አለ፣ ፕላስተር፣ ፕላስተር፣ ሌላ ፕላስተር፣ በመካከላቸው የሟሸሸ ቆዳ።

«ከሁለት ሊትር በላይ ውሃ ነው ያወጡት» አለኝ ባለቤቴ፣ ፊቱ በደስታ አብርቶ። «ሁሉም ደህና ነው አሉ። ደህና ነሽ።»

አለቀስኩ። ነርሷ የሚያመኝ መስሏት ማስታገሻ ጨመረችልኝ። ሕመም አልነበረም። ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎኔን አልወጋኝም ነበር፤ ያስለቀሰኝም እሱው ነው። ውስጤ ጭር አለ። ባዶ ሆንኩ፣ ሌላ ቃል የለኝም።

በሦስተኛው ቀን ቤቴ ገባሁ። ሴቶቹ ግቢው በር ላይ ነበሩ። ዓይኖቻቸው ከእኔ ሆድ ወደ ባለቤቴ እጅ ሄዱ። የያዘው የልብስ ቦርሳና የመድኃኒት ፌስታል ነው። አንዷ ልትናገር አፏን ስትከፍት ሌላዋ ቀሚሷን ሳበቻት። እልልታ የለም፣ ጥያቄም የለም። መንገድ ለቀው አሳለፉን፤ እኔም በመካከላቸው በዝግታ አለፍኩ፣ የተሰፋው እየጎተተኝ።

ከሰዓት በኋላ መምጣት ጀመሩ፣ አንድ በአንድ፣ ሁለት በሁለት። ለእንዲህ ያለ ነገር ድንኳን አይጣልም፣ ደረት አይመታም። ገብተው ይቀመጣሉ፣ ከንፈራቸውን ይመጣሉ፣ መሬት መሬት ያያሉ፣ ሲነሱ ትከሻዬን ነካ አድርገው ይወጣሉ። ያመጡት ነገር ሁሉ ለስላሳ ነው፤ አጥሚት፣ ወተት። መጨረሻ ላይ እማማ መጡና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እጄን ያዙ።

«እግዜር ይካስሽ ልጄ» አሉ።

ልጅ ለሞተባት ሴት ነው ይህ የሚባለው። ባለቤቴ ከበሩ ላይ አየኝ፤ ዓይኑ ንገሪያቸው ይል ነበር።

«እማማ፣ ልጅ አልነበረም» አልኩ። «እንደነገርኩዎት ነው። ኩላሊቴ ውስጥ ውሃ ነበር፣ እሱን ነው ያወጡት። ይኸው።» ቀሚሴን ገልቤ አራቱን ፕላስተሮች አሳየኋቸው። አንዷ ትንሽ ስለተላቀቀች ቀዳዳዋ ትታይ ነበር፤ የጣት ጥፍር አታህልም።

ጎንበስ ብለው አዩ። እንደ ሐኪም ነው ያዩት። ከዚያ ቀሚሴን በቀስታ መልሰው አለበሱኝ።

«ልጄ፣ እኔ ኦፕራሲዮን አውቃለሁ። ባለቤቴን ነፍሱን ይማረውና ለአንጀቱ ሲቀዱት ከዚህ» አሉ ደረታቸውን ነክተው፣ «እስከዚህ ነው የሰፉት። እንደ ጆንያ። ወር ሙሉ አልተነሣም። ይሄማ የመርፌ ቦታ ነው። ደግሞ ሦስት ቀን!»

«አዲስ ዓይነት ነው እማማ፣ በካሜራ...»

«እሺ።»

«እውነቴን ነው!»

«እሺ አልኩሽ። ኩላሊት ነው እንበል።» እጄን አልለቀቁም። «ኩላሊትም ከሆነ እግዜር ይካስሽ።»

ተሟጋች ነኝ፤ ርዕሰ መምህሩን አፍ ለአፍ የምገጥም ሴት ነኝ። እዚያ ግን አንድ ነገር ከደረቴ ተነቅሎ መጣና በእማማ ጭን ላይ ተደፍቼ፣ ስፌቴ እስኪያመኝ፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ለማን እንደማለቅስ አውቅ ነበር። እማማም አብረውኝ አለቀሱ። ባለቤቴ፣ ያ ውሸት የማይችለው ሰው፣ ወጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና የሚመጡትን ሴቶች «እግዜር ይስጥልኝ» እያለ ተቀበለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው፣ ለመናገር ማለቴ ነው። ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ጨው የእውነት ተውኩ፤ ግፊቴም ረጋ። ግቢው ውስጥ ሥጋ ሲጠበስ ሽታው ይደርሰኛል፤ በራችን ግን አይንኳኳም። ያ ከሁሉ ይብስብኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሞከርን፣ አልመጣም። ከዚያ ቀኙ ኩላሊቴ መድከም ስለጀመረ ዶክተሩ መነጽሩን አውልቆ «ይቅርብሽ» አለኝ። ቀረ። ቆይቶ ግቢያችን ለመልሶ ማልማት ፈረሰ፤ አምስቱም ቤተሰብ በየአቅጣጫው ኮንዶሚኒየም ገባ። እኛ ወደ ኮተቤ፣ እማማ ልጃቸው ጋ ወደ ሌላኛው የከተማ ዳር። አራተኛ ፎቅ ላይ የጎረቤት ሽታ አይደርስም፣ ሰዉም በር ዘግቶ ነው የሚያበስለው። ሕመሙ የለቀቀኝ ዘመን ላይ ሆኜ፣ በጎኔ ሕመም የተሞላውን ያን አራት ወር እናፍቃለሁ። ሰው በሽታውን ይናፍቃል? እኔ ናፍቄያለሁ።

እማማን ዳግም ያገኘኋቸው መገናኛ ነው፣ ባቡሩ ሥራ ከጀመረ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ድልድዩ ሥር። ምርኩዝ ይዘዋል፤ ልጃቸው ታክሲ ሊያይላቸው ራቅ ብሎ ቆሟል። እኔ ከትምህርት ቤት እየተመለስኩ፣ የደብተር ክምር በፌስታል ይዣለሁ። መጀመሪያ አላወቁኝም። ሲያውቁኝ ደብተሩን ጭምር አቀፉኝ። ስለ ጣሪያችን፣ ስለ ሞቱት፣ ስለ ጉልበታቸው አወሩኝ። ልጅ እንዳለኝ አልጠየቁኝም፤ ከፊቴ አንብበውታል።

ከትምህርት ቤት የወጡ ሕፃናት ቦርሳቸውን አዝለው በአጠገባችን ሲያልፉ እማማ በዓይናቸው ሸኟቸው። «ያንቺም» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ «ይሄኔ አራተኛ ክፍል ይደርስ ነበር።»

ልጅ አልነበረም እማማ ልል አፌን ከፈትኩ። ለዓሥር ዓመት ያልኩት እሱኑ ነው።

«ሦስተኛ ነው» አልኳቸው። «ሰኔ ላይ ስለምትወለድ ባቡሩ በጀመረበት መስከረም ገና ሰባት አይሞላትም። አንድ ዓመት ቆይታ ነው የምትገባው።»

እማማ በጣቶቻቸው ቆጠሩ።

«እውነትሽን ነው» አሉኝ።